የወ/ሮ አስካል ልጅ ዩኒፎርም

ቅዳሜ፣ ጳጉሜ 1 ቀን 1995 ዓ.ም.፣ ሞጣ። ጠዋት 3 ሰዓት

አሁን ገና ተነሣሁ። አክስቴ የሺ ከንጋት ጀምራ የስፌት መኪናዋ ላይ ናት። ደብተሬ፣ አትፍረጅብኝ፤ ዘጠነኛ ልገባ ነው፣ እንዲህ ያለ እንቅልፍ ከእንግዲህ ለከርሞ ነው።

የተጠበሰ በቆሎ በላሁ። ሁለት። ከዚያ ቁልፍ መትከል። ቤቱ በሰማያዊ ጨርቅ ተሞልቷል። አክስቴ ልጅ ስትለካ ማየት አይጠገብም፤ ሜትሩን ታነሣለች እንጂ ዓይኗ ቀድሞ ጨርሷል። እናቶች ያድግበታል እያሉ ሰፊ ያዛሉ። እሷ በልኩ ሰፍታ እጥፋቱን ወደ ውስጥ ታስተርፍለታለች። ልጅ በአዲስ ልብሱ ጆንያ መምሰል የለበትም ባይ ናት። አንድ ሕግ አላት፦ ለባሹ ራሱ ካልቆመ አትሰፋም።

ሐሙስ ጠዋት ወደ ቤቴ፣ ወደ ቢቸና። ዘንድሮ ጳጉሜ ስድስት ናት፣ አንድ ቀን ምርቃት! የዋዜማው አበባየሆሽ አውጪ እኔ ነኝ። ከርሞ ትልቅ ነሽ ይሉኛል፤ የመጨረሻዬ ናት።

እሑድ፣ ጳጉሜ 2

ወ/ሮ አስካል መጡ፣ ቅቤ ነጋዴዋ። የአምስተኛ ክፍል ዩኒፎርም ለልጃቸው። ልጅቱ የለችም። በቁመትም በውፍረትም እኔን ነው የምታክለው፣ እኔን ለኪኝ አሉ። አፌ መች ያርፋል፤ እሷ ራሷ ትምጣ እንጂ አልኩ። ፊታቸው ተለዋወጠ። አክስቴ በዓይኗ ገረፈችኝና ለካቻቸው። ሕጓን ስታፈርስ ዛሬ ገና አየሁ። ተናድጃለሁ።

ሰኞ፣ ጳጉሜ 3፣ ሩፋኤል

ዘነበ! ከሰፈሩ ልጆች ጋር ዝናቡ ውስጥ ገባን፣ ጥርሳችን እስኪንገጫገጭ። ምነው ጳጉሜ ሠላሳ ቀን በሆነች!

ከሰዓት። ቅቤ ልገዛ ወ/ሮ አስካል ቤት ተላክሁ። ልጅዎ የታለች ብል ቅቤውን መመዘን ያዙ። ስወጣ ጎረቤታቸው ሳቀች፤ አስካል መች ወልዳ ታውቅና አለችኝ። እየሮጥኩ ተመለስኩ፣ ሌባ የያዝኩ መስሎኝ። አክስቴ ቀና እንኳ አላለች። ልብሱ ለራሳቸው መሆኑን ገና ሲገቡ አውቃለች። ወ/ሮ አስካልን አራተኛ ክፍል እንደ ጨረሱ ነው የዳሯቸው። የማታ ትምህርቱ ከሰባተኛ ይጀምራል። ስለዚህ የሚማሩት በቀን ነው፣ ከሕፃናት ጋር፣ በዩኒፎርም። ሰው እንዳይስቅባቸው ልጅ ፈጠሩ፤ አክስቴም ያቺን ልጅ አክብራ ለካቻት። ለካስ ሕጓንም አላፈረሰችም።

እንደ እሷ መሆን እፈልጋለሁ። በጣም። አፍሬ ቁልፍ ስተክል አመሸሁ።

ማክሰኞ፣ ጳጉሜ 4

ስንፍና። ፀጉሬን ተሠራሁ። እንደገና በቆሎ። የወ/ሮ አስካል ቀሚስ አለቀ። አክስቴ ከሁሉም ልብስ ለይታ እሱን ሁለቴ ተኮሰችው።

ረቡዕ፣ ጳጉሜ 5። ከሰዓት 11 ሰዓት

ወ/ሮ አስካል መጡ። ልጄ ሐሳቧን ቀይራለች፣ ለሌላ ሽጪው አሉ። ምዝገባው ነገ ያበቃል። ያስፈራቸው የእኔ አፍ ነው።

አክስቴ ክሯን እየቆረጠች፣ "ለሌላማ አይሆንም፣ በልኳ ነው የሰፋሁት። እስቲ ስለ እሷ አንዴ ልበሺውና ልየው" አለች። ጓዳ ገቡ። ቆዩ። ወጡ።

አቤት! ትከሻው ልክ፣ ወገቡ ልክ። መስተዋቱ ፊት ቆሙ፣ እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ጠፋቸው። ኮሌታቸውን አስተካከልኩላቸው። ልጅዎ ታምርበታለች አልኩ። ቀስ ብለው፣ "ብቻዋን መግባት ፈርታ ነው" አሉ።

ነገ በ2 ሰዓት ት/ቤቱ በር ላይ እጠብቃታለሁ አልኳቸው። አፌ ዳግመኛ ቀደመኝ።

ማታ 1 ሰዓት

አሁን ታወቀኝ። የቢቸናው መኪና ጠዋት በ12 ይወጣል፣ ሌላ የለም። አበባየሆሹ ያለእኔ ነው። የሰፈሬ ልጅ ዘነቡ ታወጣዋለች፣ ያውም በዚያ በፍየል ድምፅዋ። አለቀስኩ፣ አንቺን አልዋሽሽም። አክስቴ ሂጂ፣ እኔ አብሬያት እገባለሁ አለች። ነገ ግን የዋዜማ ልብስ የሚጠብቅ ሕዝብ በሯን ሊሰብረው ነው። ደግሞ ቃል የገባሁት እኔ ነኝ።

ቦርሳዬን ፈታሁ። ነገ በ2 ሰዓት አንዲት የአምስተኛ ክፍል ተማሪ አስመዘግባለሁ።