ከዪቻንግ ብቻዬን የተመለስኩበት ምክንያት

ውድ ልጄ ሮዳስ፣

ሰላምሽ ይብዛ። ስልክ ላይ ልነግርሽ እየሞከርኩ አልሆነልኝምና በጽሑፍ ልሞክረው። አማርኛ ማንበብ እንደሚያደክምሽ አውቃለሁ፤ ቀስ ብለሽ አንብቢው።

እኔ ቻይና የመጣሁት ልጠይቅሽ ብቻ አልነበረም፤ ይዤሽ ልመለስ ነበር። ለእናትሽም ቃል ገብቼላት ነበር። «የወንዝ እንስሳ ለማጥናት እዚያ ድረስ ምን አስኬዳት? ሚሲሲፒ ወንዝ እዚሁ አሜሪካ ደጃችን አይደል?» ትላለች የትምወርቅ። እኔም ከልቤ እስማማ ነበር።

ዪቻንግ ግን ገና ስገባ ግራ አጋባችኝ። የጠበቅኩት ጭስና ፋብሪካ ነበር። ከተማዋ ከያንግትዜ ወንዝ ጋር ጎን ለጎን ተዘርግታለች። ወንዙ ዳር ሽማግሌዎች ዛፍ ጥላ ሥር ካርታ ይጫወታሉ፤ ብርቱካንማ ፊኛ ወገባቸው ላይ አስረው የሚዋኙም አሉ። አሸዋና ኮንቴነር የጫኑ ረጃጅም መርከቦች ሲያልፉ ቀና ብሎ የሚያያቸው የለም። ወንዙ ላይ ካለው ትልቅ ግድብ ጋ ደግሞ መርከብ ለማለፍ እንደ ሰው ተራ ይዞ ይጠብቃል።

አንቺ ሥራ ስትሄጂ እኔ ልዞር ወጥቼ ጠፋሁ። የስልኬ ባትሪ አለቀ፣ ዝናብ ጀመረ፣ ሕንጻው ሁሉ አንድ ዓይነት ሆነብኝ። አንዲት መንገድ ዳር ምግብ የምትጠብስ ሴትዮ ፊቴን ትኩር ብላ አየችና «ባባ?» አለችኝ።

አባባ ያለችኝ መስሎኝ «አዎ፣ አባባ!» አልኳት። ስልኳን አውጥታ ከአንቺ ጋር ተቃቅፋችሁ የተነሳችሁትን ፎቶ አሳየችኝ። ለካ በእነሱም ቋንቋ «ባባ» አባት ነው! አጭር በርጩማ ላይ አስቀመጠችኝ፣ ፍጅል የተሞላ ትኩስ ሳምቡሳ መሳይ ነገር አስጨበጠችኝ፣ ከዚያ ደወለችልሽ።

ቦትሽ ጭቃ እንደለበሰ እየሮጥሽ መጣሽ። «አባዬ! የት ጠፋህ? በጣም ደነገጥኩ እኮ!»

በአማርኛ! እዚህ ከእኛ ጋር ሳለሽ ምንም ብጠይቅሽ በእንግሊዝኛ ነበር የምትመልሺልኝ። ሴትዮዋ አንድ ነገር ስትናገር ሳቅሽ።

«ምን አለች?»

«‹ስለ ልጅህ አታስብ፤ ሳትበላ ስታልፍ እቆጣታለሁ› አለች።»

በማግስቱ በጀልባ ይዘሽኝ ወጣሽ። ዶልፊን የሚመስሉትን እንስሶችሽን ስንጠብቅ ቆየን። ድንገት ክንዴን ጨመቅ አድርገሽ «ያውና! ሲተነፍስ አየኸው?» አልሽኝ። «አየሁት» አልኩሽ። እውነቱን ልንገርሽ፣ እንስሳውን አላየሁትም። የማየው አንቺን ነበር። ፊትሽ እንደዚያ ሲበራ ካየሁ ስንት ጊዜዬ! «ልጄ፣ እንሂድ» የሚለው ቃል አፌ ውስጥ ቀረ።

ስመለስ ኤርፖርት የተቀበለችኝ እናትሽ ከኋላዬ አንቺን ፈለገች። «ብቻህን?» አለች። እስከ ሆፕኪንስ፣ እስከ ቤታችን ድረስ ድራይቭ አድርጋ ወሰደችኝ። ቤት ገብታ፣ ካፖርቷን ሳታወልቅ ቁጭ አለችና «ደስተኛ ናት?» አለችኝ።

«ናት» አልኳት። ያን ጊዜ አለቀሰች። እኔም አላስቻለኝም።

ባለፈው እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ «ለሚያዝያ ከሥራ ቬኬሽን ሪኩዌስት አድርጌያለሁ» አለችኝ። ወዴት እንደሆነ አልጠየቅኳትም። ቀጥላ «ያ ጀልባ ላይፍ ጃኬት አለው?» አለች። ውሃ እንደምትፈራ ታውቂያለሽ።

ስለዚህ ልጄ፣ የጀመርሽውን ጨርሺ። የሚመልስሽ የለም፤ እኛ እንመጣለን። ላይፍ ጃኬቱን ሰፋ ያለ ፈልጊላት፤ ክረምቱን ትንሽ ወፈር ብላለች። እኔ እንደነገርኩሽ እንዳትነግሪያት ብቻ።

የሚኮራብሽ አባትሽ
ሐብተማርያም