ከጥላሸት የወጣው ሐምራዊ ቀለም

ጥር 12 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱልኝ? ዐይንዎ እንዴት ሆነ? እምየስ ወገቧን ተሻላት? ከፍኖተ ሰላም የመጣ ሰው ባገኘሁ ቁጥር እጠይቃለሁ፤ ሁሉም ደኅና ናቸው ይለኛል፤ ከእርስዎ ካልሰማሁ ግን አላምንም። እኔ ደኅና ነኝ።

ምን እንደምማር ጠይቀውኝ ነበር። ይሳቁብኝ እንጂ የምማረው ጥላሸት ነው። ሂሊየም በሚባል ጋዝ በተሞላ ዕቃ ውስጥ ሁለት የካርቦን ዘንጎችን በኤሌክትሪክ ብልጭታ እናተናለን። ካርቦኑ ቅንጣት በቅንጣት ይበታተናል፤ ሲበርድ ተመልሶ ይያያዛል። ስድስት ስድስት እየሆነ በቀለበት የተያያዘው ዝርግ ነው፤ በመሐል አምስት አምስቱ ሲገባበት ይጎብጣል፤ ባለ አምስቱ ቀለበት አሥራ ሁለት ሲሞላ ስድሳ ቅንጣት ሆኖ እንደ ኳስ ይዘጋል። ሰፊ የለው፣ መርፌ የለው! መጉበጡ ስለሚያስጨንቀው የቀረበውን ነገር በውጭ በኩል ቶሎ ይይዛል። ውስጡ ባዶ ነው። አልፎ አልፎ ብቻ፣ ሲዘጋ አንዲት የሂሊየም ቅንጣት እዚያው ትቀርበታለች፤ ሳይጎዳት ደብቋት ይኖራል። ጥላሸቱን ቶሉይን በሚባል ፈሳሽ ሳጥበው ኳሶቹ ሟሙተው ሐምራዊ ሆነው ሲወርዱ እልል ልል ነበር።

ባለፈው ሳምንት ታዲያ ቤተ ሙከራችንን የሚያጸዱት እትዬ ያምሮት የአራት ወር ጥላሸቴን ቆሻሻ መስሏቸው ደፍተው፣ ብልቃጦቹን አጥበው ደርድረው ጠበቁኝ። ልጮህ አፌን ከፈትኩ። እጃቸው እስከ ክርናቸው ጠቁሯል። አባብየ፣ ያን ጊዜ እርስዎ ትዝ አሉኝ።

ሰባት ዓመቴ ነበር። ለደብሩ ዳዊት ሊጽፉበት ጥላሸት ከምጣድ ሥር ፍቀው፣ ከተቆላ ገብስ ጋር ወቅጠው፣ ከመስከረም ጀምሮ የዘፈዘፉትን ቀለም ላግዝዎ ብዬ ደፋሁና ማሰሮውን አጠብኩት። አለቃ ወልደ ዮሐንስ መጥተው ዳዊቱ ለምን ዘገየ ብለው ሲቆጡ፣ እርስዎ ቀለሙን ድመት ደፋችው አሏቸው። ጥቁሩን እጄን ከጋቢዎ ሥር አጥብቀው ይዘውት ነበር። እኛ ቤት ድመት ኖሮ አያውቅም። ለንስሐ አባትዎ ነግረዋቸው ይሆን?

አማካሪዬ ማን ደፋው ብሎ ሲጠይቅ፣ እኔ ነኝ አልኩት። እትዬ ያምሮት የኮንትራት ሠራተኛ ናቸው፤ ሦስት ልጆች ያሳድጋሉ። ጥላሸቱን እንደገና ሠርቼ ጥናቴን እስክጨርስ ዓመት ይፈጃል፤ በሐምሌ አልመረቅም። እምየ ድግሱን ታቆየው። ማን ደፋባት ብላ ብትጠይቅዎ መልሱን ያውቁታል።

ደብዳቤዬን የቡሬው ሹፌር ክንዱ ያደርስልኛል። ዐይንዎን ያብራልኝ፤ ያን እጅዎን ያጽናልኝ።

ልጅዎ፣
ድመቷ