ለሌለ የሥራ ቦታ ስለተደረገው ቃለ መጠይቅ

ለተከበሩ የሳሙና ፋብሪካው የገበያ ጥናት ክፍል ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እያልኩ፣ ጆሮዎ ደህና መሆኑን እጠይቃለሁ፤ ያ ጆሮ አንድ ቀን ቢታመም ፋብሪካው በሙሉ ሥራ እንደሚፈታ ስለምረዳ ነው። እኔ ከአጥርዎ ጀርባ ባለችው ጠባብ ቤት የልብስ ሳሙና የምሠራ ሴት ነኝ። መቼም ከገዛ እህቶቼ ይበልጥ ያውቁኛል።

አንደኛ፣ ደንበኛ መስለው የሚመጡት ሠራተኞችዎ አንዲት ሳሙና ለመግዛት ግማሽ ቀን ቆመው የበርሜሎቼን ጽሑፍ ሲያነቡ እግራቸው ዝሏልና፣ ወንበር ስላላቀረብኩላቸው ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ሁለተኛ፣ ቆሻሻችንን እየበረበሩ ስለሚወስዱልን ደጃችን ጸድቷል። ማዘጋጃ ቤቱን ያቃተው በእርስዎ ተፈጽሟልና ምስጋናዬ ይድረስዎ።

ሦስተኛው ግን እንደ ሁለቱ ቀላል አይደለም። ሳሙናውን የሚቀምምልኝ ታናሽ ወንድሜ ነበር። ዋና ቀማሚ እንፈልጋለን ብለው ሦስት ጊዜ አስጠሩት፤ ፋብሪካውን አስጎበኙትና ምንጣፍ በተነጠፈበት ክፍል አስቀምጠው ልምዱን እንዲያስረዳ ጋበዙት። ዕድሜውን ሙሉ ማንም ከልቡ አድምጦት የማያውቅ ሰው ምን ያድርግ፤ ዘይቱን ከማን እንደምንገዛ፣ ሳሙናው እጅ እንዳይፈጅ የምናደርገውን ዘዴ፣ ልናወጣው ያሰብነውን የሕፃናት ሳሙና ሳይቀር ዘረገፈው። እርስዎም ትከሻውን መታ መታ አድርገው፣ ከእኔ ዘንድ ለቆ ስልክ እንዲጠብቅ መከሩት። ለቀቀ። ስልኩ ግን አልተደወለም፤ ሥራው መጀመሪያውኑ አልነበረምና። የሕፃናት ሳሙናው በእርስዎ ማሸጊያ ተጠቅልሎ ከእኔ ቀድሞ ሱቅ ገባ።

ወንድሜ ዛሬም ሸሚዙን ተኩሶ ይለብስና ስልኩን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ይውላል። ሚስቱ ልጆቹን ይዛ እናቷ ቤት ገብታለች። እንዲህ ያለ ታጋሽ ሰው ስላደረጉልኝ አመሰግናለሁ። እኔ ግን ትዕግሥቱ የለኝም፤ ይህንንም አልደብቅዎትም።

ከእኔ የወሰዱት ሳሙና እጅዎን፣ ከቻለም ሌላውን ሁሉ እንዲያጸዳልዎ እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ በታላቅ አክብሮት እጅ የምነሳ፣

ከአጥሩ ወዲያ ያለሁት ጎረቤትዎ

ከፊርማዬ በኋላ የታወሰኝ፦ ወንድሜ ባለፈው ሳምንት ሥራው እንዲመለስለት ሊለምነኝ መጣ። አስቀመጥኩትና እርስዎ ዘንድ በተመላለሰ ጊዜ ያየውን ሁሉ ረጋ ብዬ ጠየቅሁት፤ በጓሮ በር ምን እንደሚገባ፣ የትኛው ማሽን እንደቆመ፣ ከሠራተኞችዎ ማን ማን እንዳኮረፈ። ፊቱ በርቶ አንድም ሳያስቀር ነገረኝ። ከዚያ እደውልልሃለሁ ብዬ ሸኘሁት።