ያልሰፋነው መስኮት

ይድረስ ለወንድሜ፣

እንዴት ሰንብተሃል? ጤናህ፣ ሥራህ፣ የዚያ አገር ሙቀትስ እንዴት ይዞሃል? እኛ አለን፣ ለዚያ ፈጣሪ ይመስገን። ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን አንተን ዋሽቼህ ስለማላውቅ እንደሆንኩት ልንገርህ። ተቃጥያለሁ። ስልክህን ስለማታነሳ ነው ብዕር ያነሳሁት። ተናደሽ ነው የጻፍሽው ብለህ ደግሞ ቀደህ እንዳትጥለው፤ እስከ መጨረሻው አንብበው።

ለመሆኑ «ልጆቹንም ውሾቹንም ይዛችሁ ኑ፣ እኔ ካለሁበት አጠገብ ሐይቁ ዳር ድንኳን ጥላችሁ እረፉ፣ አባዬም ፈቃዱ ከሆነ ይምጣ፣ አብረን እንበላለን» ያለው ማን ነው? እኔ ነኝ? አባዬን ለማሳመን ስንት ጊዜ ደጅ እንደጠናሁ ታውቃለህ? ከተጣላችሁ ወዲህ ስምህ ሲነሳ መቀሱን ይዞ ወደ ጓሮ የሚወጣ ሰው እኮ ነው። ያን ቀን ግን መቀሱን መልሶ አስቀመጠና፣ ድንኳኑን ራሳችን እንሰፋዋለን አለ። እሺ ማለቱ እንደሆነ ገባኝ።

እንግዲህ የእኛን ቤት ጉድ ስማ። ዕድሜ ልካችንን የጭነት መኪና ሸራ ስንሰፋ የኖርን ሰዎች ድንኳን ስፉ ብንባል ምን እንሰፋለን? የጭነት ሸራ ሰፋን! ወፍራም፣ ሰም የጠጣ፣ ጠርዙ ሁለት ጊዜ የታጠፈ፣ ዝናብም ነፋስም የማያስገባ። መስኮት የሚባል ነገር ለአንዳችንም ትዝ አላለንም። ስኳር ጭነንበት ቢሆን ኖሮ አንዲት ፍሬ አትረጥብም ነበር። የጫንነው ግን ሰው ነው።

ያንን ሙቀት አንተ ለምደኸው ይሆናል። አየሩ ራሱ እንደ እርጥብ ፎጣ ፊት ላይ ይለጠፋል። ድንኳኑ ውስጥ ገብተን ትንሽ እንደቆየን እንደ ድንች ተቀቀልን። ባለቤቴ ሸሚዙን እየጨመቀ፣ ለእረፍት ነው ያላችሁኝ ወይስ ለእንፋሎት አለ። ውሾቹ ከእኛ ይሻላሉ። ትንሹ ውሻችን ችኩል አንዴ አፍንጫውን አስገብቶ አሸተተና ሄዶ መኪናው ሥር ተጋደመ። አንተ ያሳደግኸው አንበሴ ግን ያ የምታውቀው ጎፈሩ ሊገድለው ደረሰ። ምላሱን አውጥቶ ሲያለከልክ ልጄ አንበሴ ሊሞት ነው እያለች አለቀሰችብኝ።

አባዬስ? ኮቱን አላወልቅም አለ። እዚያ ሙቀት ውስጥ! ብለምነው፣ ባለቤቴ ቢለምነው፣ ወይ ፍንክች። ልጄ ሲመጣ እንደ ሰው ሆኜ ልጠብቀው አለኝ። እስከ ላይኛው ቁልፍ ድረስ ቆልፎ፣ ላቡ በአንገቱ እየወረደ፣ ወንበሩን ወደ መንገዱ አዙሮ ተቀመጠ። መኪና ባለፈ ቁጥር እሱ ነው ወይ ይለኛል። መንገዱ እኮ ፊት ለፊቱ ነው። አይደለም እለዋለሁ።

ከዚያ ሐይቁ ላይ በጀልባ ሰው የሚያመላልስ አንድ ሰውዬ መልእክትህን ይዞ መጣ። መኪናህ ተበላሽቷል፣ ሥራም በዝቶብሃል፣ አትመጣም። አይ አንተ! ያለህበት ከተማ እኮ ከዚያ በእግር የሚደረስ ነው። የጀልባው ሰው ራሱ ሲነግረን አፍሮ መሬት መሬት ያይ ነበር። ባዕድ ያፈረልንን አንተ አላፈርክም። አባዬ ያኔም ኮቱን አላወለቀም።

በማግሥቱ ያ ድንኳን የሚቀመጡበት ስላልሆነ ሁላችንም ውኃው ዳር ወርደን ትልቁ ዛፍ ሥር ዋልን። አንበሴ መነሳት ስላቃተው ድንኳኑ አጠገብ ጥላ ፈልገን፣ ውኃ አስቀምጠንለት፣ ችኩልን አጠገቡ አስረን ተውናቸው። አመሻሽ ላይ ስንመለስ ምን ብናይ ጥሩ ነው? ድንኳኑ በሁለት ጎኑ መስኮት አውጥቷል! የተቀደደ እንዳይመስልህ፤ በወግ ተቆርጦ፣ ጠርዙ ታጥፎ፣ ትንኝ እንዳይገባ አጎበር ተሰፍቶበት፣ ለዝናብ ጊዜ መዝጊያ ሸራው ከነገመዱ ተጠቅልሎ ከላይ ታስሯል። አንበሴም እንደ በግ ተሸልቷል። በሸራ መቀስ እንደተሸለተ ያስታውቃል፤ ጀርባው ደረጃ ደረጃ ሆኗል። ያ መነሳት ያቃተው ውሻ ቆሞ፣ ወደ ከተማው የሚወስደውን መንገድ እያየ ጭራውን ይቆላል።

ባለቤቴ ሌባ ገብቷል አለ። የቤቱን አጎበር አምጥቶ ሰፍቶ የሚሄድ ሌባ አይተህ ታውቃለህ?

አባዬ ምን ተገኘ ብሎ ጠየቀኝ፤ መስኮት ተሰፍቷል አልኩት። ተነሳና እጁን ዘርግቶ፣ ሸራውን ዳብሶ ዳብሶ ጠርዙን አገኘው። ጣቱን በክሩ ላይ ቀስ እያደረገ ወሰደው። መርፌው ሁለቴ ወደፊት ሄዶ አንዴ ወደ ኋላ የሚመለስበት ስፌት ነው። ስፌት ወደ ኋላው ካላየ ይተረተራል እያለ የሚያስተምረው፣ የእኛ ቤት ስፌት። እኔ መርፌዬን ቤት ትቼ ነው የሄድኩት። አባዬ ደግሞ ራሱ ክር ካስገባ ቆይቷል፤ የማስገባለት እኔ ነኝ። ጣቱ መታጠፊያው ላይ ሲደርስ ቆመና፣ ማዕዘን ላይ ዛሬም ይቸኩላል አለ። ይህን ብሎ የኮቱን ቁልፎች አንድ በአንድ ፈታ። ያን ሌሊት መስኮቱ ሥር ተኝቶ ነጋለት።

እኔ አንተ ነህ አላልኩም። የአንተማ መኪና ተበላሽቷል፣ ሥራም በዝቶብሃል። ግን ያን መስኮት የሰፋውን ሰው ካገኘኸው ንገርልኝ፤ ለውሻ የራራ አንጀት ለአባት እንዴት አይራራም? መስኮት ሰፍቶ ከመሄድ በበሩ መግባት አይቀልም ነበር? ከድንኳኑ እስክንርቅ ተደብቆ የጠበቀ ሰው፣ አባዬ እዚያ ኮት ውስጥ ተቆልፎ ሲጠብቀው አይቷል። እሱ አየን፣ እኛ አላየነውም። ይህ ፍርድ ነው? አልቅሼ ሳበቃ ነው የምጽፍልህ፤ አሁንም ንዴቴ አልወጣልኝም።

አውቃለሁ፤ የሸራውን ሥራ ትተህ ልትሄድ ስትነሳ አባዬ ሁለተኛ ዓይንህን እንዳላይ ብሎሃል። የንዴት ቃል ነው፣ ያኔም ታውቀው ነበር። ዛሬ ያንን ቃል ሲያስበው ምላሴን በቆረጠው ይላል።

ወንድሜ፣ አንድ ነገር እንዳልጽፍልህ አስምሎኛል። አልጽፍም፤ መሐላ መሐላ ነው። የሆነውን ብቻ ልንገርህ። የአባዬን ጢም የላጨው ባለቤቴ ነው። ሐይቁ ምን ዓይነት ቀለም እንዳለው የነገረችው ልጄ ናት፤ ደጋግሞ ጠይቋታል። አንበሴ መሸለቱን ያወቀው ጀርባውን ሲዳብሰው ነው። ከቤት ከመነሳታችን በፊት ደግሞ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ ሲመጣ ጥላ ውስጥ እንዳታስቀምጪው፣ ፀሐይ ላይ አቁሚልኝ ብሎኝ ነበር።

ስለዚህ ና። ይቅርታ ጠያቂ አትላክ፣ ሽማግሌም አትፈልግ፤ ራስህ ና። በቀን ና፣ ፀሐይ ሳለ። አትዘግይ።

ልጆቹ አጎታችን መቼ ነው የሚመጣው ይላሉ። ችኩል ያው ነው፣ ጫማ ይበላል። አንበሴ ጎፈሩ ማቆጥቆጥ ጀምሯል። ድንኳኑን ጓሮ ተክለነዋል፤ አባዬ ከሰዓት በኋላ መስኮቱ ሥር ይቀመጣል፤ እኔም ዝም ብዬ ነው የማየው።

እግርህን ያቅናልህ። እጅህን ይባርክልህ፣ ማዕዘን ላይ ቢቸኩልም። ከክፉ ሁሉ ይሰውርህ፤ ከእኛ ግን አይሰውርህ።

የተቆጣችህና የምትወድህ
ታናሽ እህትህ