ከየቱ ዘፈን ቀጥሎ የቱ

የኔ እንኳዬ፣

ከተለየሽን ሁለተኛው ክረምት አለፈ። ደህና ነን። እንዳትሰጊ ብዬ አይደለም፤ የእውነት ደህና ነን። የቀርከሃው አጥር ታድሷል። ባጃጆቹ አሁን ከደጃችን ይቆማሉ፤ ጩኸታቸው ቢያሰለችም ዝናብ ሲመጣ ጥሩ ነው። የልብስ ስፌት መኪናዬንም በመጨረሻ ወደ መስኮቱ አስጠጋሁት፤ አስጠጋው እያልሽ ስትጨቀጭቂኝ የነበረውን። ክር ለማስገባት መነጽር መፈለግ ቀረልኝ። ልጃችን ይታይሽ እዚሁ እንጅባራ አስተማሪ ሆና ስለተመደበች እራት አብረን እንበላለን። ወጧ ካንቺው ይቀጥናል፤ ግን አልናገርም።

ዛሬ የምጽፍልሽ ስለ ምናለ ልጅ ሰርግ ነው። ምናለ፣ ያ ዘንገና ሐይቅ ዳር ያለው ወዳጃችን፣ በጥር ልጁን ለዳንግላ ሰው ዳረ። ከሰርጉ በፊት ቤት መጥቶ ተቀመጠና አንገቱን ደፋ። የሙሽራው ወገን ሞንታርቦ ተከራይተው ሊመጡ ነው አለኝ። ልጁ ግን ባገሯ ዘፈን ካልተሸኘሁ ብላ አልቅሳበታለች። ተለማምነው የተስማሙት፣ ዳሱ እስካልቀዘቀዘ ድረስ እንዲዘፈን፣ ከቀዘቀዘ ግን ሞንታርቦው እንዲከፈት ነው።

አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ከበሮውን ግድግዳ ላይ ሰቅዬው ነበር። በየሰርጉ ዘፈን የምታወጪው አንቺ፣ የምመታው እኔ፤ ሰውም «እሷ ታዛለች፣ እሱ ይታዘዛል» እያለ ሲስቅብን ኖረናል። ያለ አንቺ እጄ እሺ የሚለኝ አልመሰለኝም። ለምናለ እምቢታዬን በምን ቃል ላለሳልስለት እያልኩ ሳስብ፣ ይታይሽ ከጓዳ ብቅ ብላ «እኔ አወጣለሁ፣ አባዬ ይመታል» አለችው። ይሄ ድፍረት ከማን እንደመጣ አንቺ ታውቂያለሽ።

ቅዳሜ ማታ ሰፌዱን አወረድን። ትዝ ይልሻል አይደል፣ የሰርግ ዋዜማ ዘፈኖችሽን በእህል ስታሰልፊ? ስንዴው ለዝግተኛው፣ ባቄላው ትከሻ ለሚያስመታው ፈጣን፣ አተሩ ባገራችን ቋንቋ በአዊኛ ለሚዘፈነው። ከንፈርሽን እያንቀሳቀስሽ፣ አንዱን ወደፊት፣ አንዱን ወደኋላ። ሰልፉ ልብሽ ውስጥ ከገባ በኋላ ሁሉንም ጠርገሽ ድስት ውስጥ ትጨምሪዋለሽ። የስንቱን ሰው ሰርግ ንፍሮ አድርገን እንደበላነው!

እኔም ደንብሽን አንድ በአንድ ነገርኳት። መጀመሪያ ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው የሚያጨበጭቡለት። ሁለት ፈጣን ተከታትሎ አይወጣም፤ ሰው ትንፋሽ ያጥረዋል። አዊኛው ዘፈን ወደ ማብቂያው፣ እንግዳው ቤተኛ ከሆነ በኋላ፣ አዝማቹን የማያውቀው ሰው እንዳያፍር። መዝጊያው ሁልጊዜ ዝግተኛ፣ በእንጅባራ ብርድ ላብ በላብ የሆነ ሰው ደጅ እንዳይወጣ። ይታይሽ ሰማችኝና አተሮቹን ወደ መጀመሪያው ገፋቻቸው። መለስኳቸው። እንደገና ገፋቻቸው። የዘንገና እናቶች ከተማ ከሚጣለው ዳስ በእግራቸው ስለሚመለሱ ሳይመሽ እንደሚነሱ፣ የገዛ ዘፈናቸውን ሳይሰሙ መሄዳቸው ሁሌ እንደሚያሳዝናት ነገረችኝ። እኔ ግን አሻፈረኝ አልኩ። እንኳዬ፣ እውነቱን ልንገርሽ፤ ካንቺ የቀረኝ ያ ሰልፍ ብቻ መስሎኝ ነበር። አንዷ አተር ከቦታዋ ብትነቃነቅ አንቺን ራስሽን ከቤት ያስወጡብኝ ያህል ነው የተሰማኝ። ፊቴን አይታ ተወችልኝ።

በሰርጉ ቀን አጀማመሯ ደስ ይል ነበር። ድምጿ እንዳንቺ ወፍራም አይደለም፤ ግን ሩቅ ይሄዳል። ምሳ ተበልቶ ብዙም ሳይቆይ አንዲት የዘንገና እናት፣ የሙሽራዋ ዘመድ፣ ነጠላዋን ማስተካከል ጀመረች፤ ልትነሳ ነው። ይታይሽ አየቻት፣ ቀጥሎ እኔን አየችኝ፣ ከዚያ አዊኛውን ዘፈን አወጣችው። የዘንገናዎቹ በደስታ ተቀበሉ። አዝማቹን የማያውቁት የዳንግላዎቹ ግን እርስ በርስ ተያዩ። የዳሱ እኩሌታ ጭጭ! ሞንታርቦው አጠገብ የተቀመጠው ጎረምሳ ገመዱን ለመሰካት ጎንበስ ሲል አየሁት።

ልጅሽ ግን አላቆመችም። ዘፈኑን አለዘበችና፣ የዘንገና ሴቶች እያንዳንዳቸው አንድ የዳንግላ እንግዳ እጁን ይዘው እንዲያስነሱ በእጇ ጠቆመቻቸው። ፊት ለፊት አቁመው አዝማቹን ቃል በቃል ያቀብሏቸው ጀመር። ከበሮዬ አብሯት መለዘብ ነበረበት፤ እኔ ደግሞ ካንቺ ጋር ስንኖር እንዲህ መትቼ አላውቅም። ፈራሁ፣ ግን ተከተልኳት። ከመቀመጫዋ ያልተነሳችው የሙሽራው አክስት፣ አንዲት ደልደል ያለች ሴት፣ አዝማቹን እንዲያ አጣማ ስትለው ዳሱ በሳቅ ፈረሰ። እሷም አብራ ሳቀችና በትከሻዋ መለሰችላቸው። ከዚያ በኋላ ማን ይያዛቸው! ዘፈኑ ሲያልቅ ይደገም ያሉት ራሳቸው ዳንግላዎቹ ናቸው። ነጠላዋን ስታስተካክል የነበረችው እናት እስኪደገምላት ቆማ ጨፈረች፤ ወደ ቤቷ ስትሄድም እያዜመች ነበር። ጎረምሳው ገመዱን ጥሎ ከሰዉ ተቀላቀለ።

ይታይሽ መዝጊያውን እንደ ደንብሽ በዝግተኛው ዘጋችው። ማታ ስንመለስ የተቆጣሁ መስሏት ከኋላዬ ትራመድ ነበር። በርቺ አልኳት፤ ቀጥሎ እንባዬ መጣ። አሁን ከጥሊሊም ከአዘናም እየመጡ ይጠሯታል። ሰፌዱን ታወርዳለች፣ ታሰልፋለች፣ እኔ ቡናዬን ይዤ አያለሁ። እንዳትደነቂ፣ አንዳንዴ ያንቺን ስንዴ ሁሉ ትበትነዋለች።

ያለ አንቺ ከበሮ መምታት አይሆንልኝም ብዬ ነበር። ሆነልኝ። ይህን ስነግርሽ ቅር እንደማይልሽ አውቃለሁ፤ እኔን ግን ትንሽ ከብዶኝ ነበር፣ ደስ ካለኝ የረሳሁሽ እየመሰለኝ። በዚያ ሰርግ ላይ ግን እጄ እስኪቀላ መታሁ፣ እስኪበቃኝ ሳቅሁ፣ አንዷንም ደቂቃ ካንቺ ተለይቼ አላሳለፍኩም። ስለዚህ ቃሌን እንዲህ ያዥልኝ፤ የማስታውስሽ ሲከፋኝ ብቻ አይደለም። ደስ ባለኝ ቁጥር አስታውስሻለሁ።

ከበሮ መቺሽ፣
ፈንታ