ከኦርጅናሉ የማይለየው እጀታ

ሳምሶን፣

እንኳን ደስ አለህ። «ከኦርጅናሉ አይለይም» ብለህ የወንድምህ ቮልስ ላይ ያስገጠምከው አዲሱ የበር እጀታ ዛሬ ጠዋት ልከፍት ስል እጄ ላይ ቀረ። የመስኮቱ አዲስ ጎማም ጨዋ ነው፤ የትናንቱን ዝናብ በክብር አስገብቶ ወንበሩ ላይ አስቀምጦታል። ክላክሱ ደግሞ ፍሬቻ ባበራሁ ቁጥር ሳልነካው ይጮኻል። በባሌ ሙት ዓመት ቀን የአንኮበር ሰው ሙሽራ መጣ ብሎ እልል እንዳይል ፈርቼ በሚኒባስ ሄጃለሁ።

ጸሎቱ በአራት ሰዓት ይጀመራል። አንተም በሚኒባስ ና። ጃኬት ልበስ።

ሽሮው ድስቱ ውስጥ ነው፤ ሳታሞቀው እንዳትበላ።

ትናንት ለቆራሌው የሰጠኸውን አሮጌውን እጀታ መንገድ ላይ ሮጬ ደርሼ አስመልሻለሁ። መካኒኩ ፊት ያን ያህል ልቆጣህ አይገባም ነበር። የደከምከው እኔን ደስ ለማሰኘት እንደሆነ አውቃለሁ።

እጀታው መሳቢያው ውስጥ በመሀረብ ተጠቅልሏል። ስንመለስ አንተው መልሰህ ትገጥመዋለህ።

የወንድምህ አውራ ጣት ያርፍበት የነበረው ቦታ ተበልቶ ጎድጎድ ብሏል። አዲስ ይምሰል ብለህ እንዳትወለውለው።

ሰናይት