ስለ ኬሚስትሪ ክፍላችን ጨዋማ ውሃ ይቅርታ እንድጠይቅ ስለመታዘዜ

ለተከበሩ ፕሮፌሰር ኢድሪስ ታሉክዳር
የኑርጃሃንፑር ኮሌጅ የኬሚስትሪ ትምህርት ክፍል ኃላፊ
ሳትኪራ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ በሚደርስዎ ሰዓት ጤናዎ የተሟላ፣ የደም ግፊትዎ የተስተካከለ፣ የቢሮዎም ማራገቢያ ሳይቆራረጥ የሚሽከረከር እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። የደም ግፊትዎ ነገር በተለይ ያሳስበኛል፤ በተግባር ፈተናው ቀን ፊትዎ ሲለዋወጥ በቅርብ ቆመው ካዩት ሰዎች አንዷ ነበርኩና።

ፕሮሚላ ጋይን እባላለሁ። በመንደራችን የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ረዳት አስተማሪ፣ የሁለት ልጆች እናት፣ በሠላሳ አራት ዓመቴ ደግሞ የእርስዎ የአንደኛ ዓመት አጠቃላይ ኬሚስትሪ ተማሪ ነኝ። በላኩልኝ ማስጠንቀቂያ የትምህርት ክፍሉን ስም ማጉደፌን ገልጸው፣ ጥፋቶቼን አንድ በአንድ ዘርዝረው፣ በሰባት ቀን ውስጥ የይቅርታ ደብዳቤ ካላስገባሁ ውጤቴ እንደማይለቀቅ አስታውቀውኛል። ያለዚያ ውጤት ሁለተኛ ዓመት አልገባም፤ ዲግሪ ካልያዝኩ ደግሞ ሳይንስ እንዳስተምር አይፈቀድልኝም፤ በትምህርት ቤታችን ሳይንስ የሚያስተምር ሰው ከጠፋ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ስለዚህ ትእዛዝዎን በታላቅ አክብሮት ተቀብዬ እነሆ ጽፌያለሁ። በኮሌጁ በር ላይ የለጠፍኩትም ወጣቶቹ ተማሪዎች ከትሕትናዬ እንዲማሩ ብዬ ብቻ ነው።

አንደኛ፦ የመጀመሪያው ጥፋቴ «የተሰጠውን የአሠራር መመሪያ አለመከተል» ተብሏል። ይህ የሆነው ከፈተናው በፊት በአንድ የልምምድ ዕለት ነው፤ አሥራ ስምንት ተማሪዎች ነበርን። ለእያንዳንዳችን ቁጥር የተጻፈበት፣ በወረቀት የተጠቀለለ ነጭ ጨው ተሰጠን፤ ለእኔ ሰባት ቁጥር ደረሰኝ። እርስዎ በክፍል እንዳስተማሩን ጨዉን በተጣራ ውሃ አሟሙቼ ሲልቨር ናይትሬት ጠብ አደረግሁበት፤ ወተት ከመሰለ ክሎራይድ የሚባለው፣ በገበታ ጨውም ውስጥ ያለው ነገር አለበት፣ ጥርት ብሎ ከቀረ የለበትም ማለት ነው። ወተት መሰለ። አጠገቤ የቆመችው ሩክሳና፣ እንደ ታላቅ እህቷ «ዲዲ» የምትለኝ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«ዲዲ፣ ምን አገኘሽ?»

«ክሎራይድ።»

«ተይው ባክሽ፣ ሰባት ቁጥር ሰልፌት ነው። ያምና ተማሪዎች ዝርዝር አለኝ፣ ልስጥሽ?»

«ያንቺስ ምን ሆነ?»

«የኔም ነጭ ነው። ዝርዝሩ ግን ናይትሬት ነው የሚለው፣ እሱኑ ጻፍኩ።»

ቀና ብዬ ጠረጴዛውን ዳር እስከ ዳር አየሁት። ዓይነቱ የተለያየ ጨው በያዙ አሥራ ስምንት የመስታወት ቱቦዎች ውስጥ ያው አንድ ዓይነት ነጭ ነገር ተንሳፍፏል። ዝርዝሩ እስከዚያ ቀን ለእኔ ሳይደርሰኝ የቀረው ማንም ከእናቱ እኩያ ጋር ስለማይኮርጅ ነው እንጂ በጨዋነቴ አልነበረም፤ ይህንንም አብሬ እናዘዛለሁ። ከዚያ ምንም ጨው ሳልጨምር ውሃውን ብቻ በሌላ ቱቦ ቀድቼ አንድ ጠብታ አደረግሁበት። እሱም ነጭ ሆነ።

ክቡር ሆይ፣ እኛ አገር ባሕሩ ግድቡን አልፎ፣ የሽሪምፕ ኩሬውም ተስፋፍቶ የፓምፑ ውሃ ጨው ከሆነ ቆይቷል። ሳሙና አይነሳበትም፤ ሻይ ቢፈላበት የሾርባ ጣዕም ይሰጣል። የእኔ እናት የሚጠጣ ውሃ ፍለጋ ሁለት መንደር ታልፍ ነበር፤ የትኛው ጉድጓድ እንደተበላሸም በምላሷ ትለይ ነበር። ያን ቀን በእጄ የያዝኩት ቱቦ እኛ ሴቶች በምላሳችን የምናውቀውን በዓይን አሳየኝ። ጥፋት እየሠራሁ መሆኔን ባለማወቄ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ለደስታዬም ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ከዚያ እርስዎ መጥተው ደብተሬን ተመለከቱ። «ውሃው በራሱ ነጭ ስለሆነ በጨዉ ውስጥ ክሎራይድ ይኑር አይኑር መናገር አልችልም» ብዬ ጽፌ ነበር።

«ይሄ የኬሚስትሪ ደብተር ነው ወይስ ለውሃ ልማት የቀረበ አቤቱታ?» አሉኝ።

«ያገኘሁትን ነው የጻፍኩት ሰር።»

«ልጄ፣ ያገኘሽውን ሳይሆን ማግኘት የነበረብሽን ጻፊ።»

ይህን ንግግርዎን በደብተሬ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ከነቀኑ አስፍሬዋለሁ። ዓመቱን ሙሉ ከሰጡን ትምህርት ሁሉ ሳልሸመድደው ያልረሳሁት እሱን ነው።

ሁለተኛ፦ «ለመምህር አለመታዘዝ» የሚለውን ክስ ሙሉ በሙሉ አምናለሁ። ሥራውን ሰልፌት ብዬ እንድገለብጠው አዘው ነበር፤ አልገለበጥኩም። በቀይ እስክሪብቶ ዜሮ ሰጡኝ፤ የዜሮዋ ክብነት የሚደነቅ ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት ከቤታችን ጋን የክረምት ዝናብ ውሃ በጠርሙስ ይዤ መጣሁ። ጠብታው ሲገባበት በጭንቅ የሚታይ ጭጋግ ብቻ ታየ፤ ጭጋጓንም አልደበቅኩም፣ ጽፌያታለሁ። ሰባት ቁጥርን በዝናቡ ውሃ ለማሟሟት ስዘጋጅ ጠርሙሱን ከእጄ ወስደው «ከውጭ የመጣ ነገር እዚህ አይገባም» በማለት ወደ መታጠቢያው ደፉት። ልጆቼ ከሚጠጡት ላይ የቀነስኩት ስለነበረ ትንሽ ቅር ብሎኛል። ይህም ሌላ ጥፋት ከሆነ ይመዝገብልኝ።

ሦስተኛ፦ «በክፍል ውስጥ ተገቢ ያልሆነ ጥያቄ መጠየቅ»። የትኛው ጥያቄ እንደሆነ ስላልተገለጸልኝ ሁሉንም እደግማቸዋለሁ፤ ለጊዜው ግን የቤተ ሙከራው የውሃ ማጣሪያ መቼ እንደተበላሸ ቢነግሩኝ ይበቃኛል።

አራተኛ፦ «በውጭ ፈታኝ ፊት ትምህርት ክፍሉን ማዋረድ»። ዶክተር ታህሚና ሺክደር ከኩልና ከተማ ለተግባር ፈተናው ሲመጡ እርስዎ አበባ ይዘው፣ እኛም አዲስ የታጠቡ ቱቦዎች ይዘን ተቀበልናቸው። ፈተናው ተጀመረ፤ ሁሉም አጎንብሶ ሲሠራ እኔ እጄን አውጥቼ ቆምኩ።

«ለምን አልጀመርሽም?» አሉኝ።

«ከተፈቀደልኝ መጀመሪያ ውሃውን ልፈትን ማዳም። የውሃውን ጨው የዱቄቱ ነው ብዬ እንዳልጽፍ ብዬ ነው።»

እርስዎ ጣልቃ ገብተው «ይህቺ ሴትዮ ዓመቱን ሙሉ እንዲህ ናት፣ ጊዜ ለመግደል ነው» አሉ።

«አንድ ጠብታ ስንት ሰዓት ይፈጃል?» አሉ ዶክተሯ። «ቀጥይ።»

ነጭ ሆነ። ቱቦዋ ቆሻሻ ነበረች አሉ እርስዎ። ዶክተሯ አዲስ ቱቦ አነሱ፣ የተጣራ ውሃ ከሚቀመጥበት ትልቅ ማሰሮ በገዛ እጃቸው ቀዱ፣ ጠብ አደረጉበት፣ ወደ መስኮቱ ይዘው ሄደው ረጅም ጊዜ ተመለከቱት። ከዚያ ወደ ሩክሳና ዞሩ።

«አንቺስ ምን አገኘሽ?»

ያቺ ልጅ ዝርዝሩን እጅጌዋ ውስጥ ይዛለች። መጀመሪያ እርስዎን አየች፣ ቀጥላ እኔን፣ በመጨረሻ መሬቱን።

«እኔ... እኔ የያዝኩት ዝርዝር ነው ማዳም» አለችና ወረቀቱን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። አንድ በአንድ የሌሎቹም ወጣ። አሥራ ሰባት ወረቀት። በዚያ ክፍል ውስጥ በዓመቱ ከተገኙት ውጤቶች ሁሉ ትክክለኛው ይህ ብቻ እንደነበረ ዶክተሯ የተረዱ ይመስለኛል።

የእርስዎ ፊት የተለዋወጠው ያኔ ነው። «ኒታይ» ብለው ተጣሩ፤ «ዛሬ ማሰሮው ውስጥ ምንድን ነው የሞላኸው?»

ኒታይ ዳስ በዚያ ክፍል ለሠላሳ አንድ ዓመት መስታወት ያጠቡ፣ ውሃ የሞሉ፣ አሲድ ያቃጠለው ጣት ያላቸው ሠራተኛ ናቸው። በሩ ሥር ቆመው «እንደ ሁልጊዜው ነው ሰር» አሉ።

አምስተኛ፦ ይህኛው በማስጠንቀቂያው ላይ አልተጻፈም፤ በቢሮዎ በቃል ስለነገሩኝ ግን ሳልጠቅሰው ባልፍ ውለታ ቢስ እባላለሁ። ኒታይ በማግስቱ ከሥራ ታገዱ። እኔንም አስጠርተው፣ ሻይ አዘው፣ በኮምፒውተር የተጻፈ ሦስት መስመር አቀረቡልኝ፤ ሠራተኛው በፈተናው ዕለት በቸልተኝነት የፓምፕ ውሃ እንደሞላ በዓይኔ አይቻለሁ የሚል።

«ይቺን ፈርሚና ውጤትሽን ዛሬውኑ ውሰጂ» አሉኝ። «ሽማግሌ ነው፣ ጡረታው ደርሷል፤ ለሱ ምኑም አይደለም። አንቺ ግን ልጆች አሉሽ።»

ስለ ልጆቼ ማሰብዎን አደንቃለሁ። እውነቱን ለመናገር እስክሪብቶውን አንስቼ ነበር። ዓመቱን ሙሉ በጀልባና በብስክሌት የተመላለስኩበትን አሰብኩ፤ ባለቤቴ እኔ ስማር ሩዝ መቀቀል መልመዱን አሰብኩ። እጄ ወረቀቱ ላይ ደርሶ ነበር። ግን «በዓይኔ አይቻለሁ» የሚለው ቃል አላሳልፍ አለኝ፤ አላየሁማ። እስክሪብቶውን መልሼ «ኒታይን ልጠይቃቸውና ልምጣ» ብዬ ወጣሁ።

ቤታቸው ስደርስ አልጋ ላይ ተቀምጠው መረብ እየጠገኑ አገኘኋቸው። ያመጣኝን ስነግራቸው ቀና እንኳ አላሉም።

«ፈርሚ ልጄ» አሉኝ። «እኔ ጨርሻለሁ፣ አንቺ ገና መንገድ ላይ ነሽ።»

ሚስታቸው ከጓዳ ወጥተው «አንድ ቀን እንኳ ለራስህ ተናገር እንጂ» ብለው፣ ከፍራሹ ሥር አንድ አቃፊ አውጥተው እጄ ላይ አስቀመጡ። ማጣሪያው እንዲጠገን ኒታይ በሦስት ዓመት ውስጥ የጻፏቸው አራት ማመልከቻዎች ናቸው። በእያንዳንዳቸው ግርጌ «ታይቷል» የሚል ጽሑፍና የእርስዎ ያማረ ፊርማ አለ።

«ለምን ለዶክተሯ አላሳዩም?» አልኳቸው።

«ሰር እዚያው ቆመው ነበር» አሉ። «እንዴት አድርጌ ነው እሳቸውን አቁሜ የማሳየው?»

ክቡር ሆይ፣ ያንን ስሰማ የነበረኝ ፍርሃት ሁሉ አለቀ። ሠላሳ አንድ ዓመት ካገለገሉዎት ሰው በላይ ክብርዎን የጠበቀልዎ አልነበረም፤ እርስዎ ግን በሦስት መስመር ሊሸጧቸው ተነሱ። የማመልከቻዎቹን ቅጂ በኒታይ ፈቃድ ከዚህ ደብዳቤ ጋር በሩ ላይ ለጥፌአለሁ፤ አንድ ቅጂ ለዩኒቨርሲቲው፣ አንድ ለዶክተር ታህሚና አስቀድሜ ልኬአለሁ። ሩክሳናና አሥራ ስድስቱ ልጆችም በሌላ ወረቀት ላይ ስማቸውን ጽፈው ፈርመዋል፤ ዝርዝር ሲገለብጡ እንደነበር አምነው፣ ማጣሪያው ሳይጠገንና ኒታይ ሳይመለሱ ቤተ ሙከራ ላለመግባት። እሑድ ጠዋት በረንዳው ላይ ተቀምጠው ያዩዋቸው ለዚህ ነው። ትናንት ደግሞ ሁለት ሰዎች ከዩኒቨርሲቲው መጥተው ከማሰሮው ውሃ ቀድተው፣ አሽገው ወስደዋል። ሻይ እንዳቀረቡላቸው ሰምቻለሁ፤ በየትኛው ውሃ እንደፈላ ግን አልሰማሁም።

ስለዚህ ይቅርታውን በተመለከተ መልሴ ይህ ነው፤ አልጠይቅም። ውጤቴን ይያዙት። ዓመቱን ካቃጠሉብኝ ለከርሞ ይህንኑ ትምህርት እንደገና እመዘገባለሁ፣ የመጀመሪያው መቀመጫ ላይ እቀመጣለሁ፤ ኬሚስትሪን ወድጄዋለሁና ከእርስዎ ጋር አላምታታውም። እስከዚያው በትምህርት ቤቴ ያሉ አርባ ሁለት ሕፃናት፣ ፈቃድ ባይኖረኝም፣ አንድ ነገር ከእኔ ተምረዋል፤ ከመጻፋቸው በፊት ይሞክራሉ።

በሰፊው ትዕግሥትዎ ሁልጊዜ የምደነቅ፣ ላስተማሩኝም ላላስተማሩኝም ነገር ባለውለታዎ፣
ፕሮሚላ ጋይን
የአንደኛ ዓመት ተማሪ፣ ተራ ቁጥር 18

ማስታወሻ፦ ከደብዳቤው ጋር አንድ ሊትር የባትሪ ውሃ፣ ማለትም በደንብ የተጣራ ውሃ፣ ለጽሕፈት ቤትዎ አስረክቤአለሁ። ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጋራዥ የተገኘ ነው፤ ስፈትነው ቅንጣት ጭጋግ አልታየበትም። የጋራዡ ባለቤት፣ አራተኛ ክፍል ላይ ትምህርት ያቋረጠ ሰው፣ የፓምፕ ውሃ ባትሪ እንደሚገድል ስለሚያውቅ ሌላ ውሃ አያስነካም። ለኮሌጁ ጊዜያዊ የኬሚስትሪ ክፍል ኃላፊ ካስፈለገ አድራሻውን ልሰጥዎ እችላለሁ።